«አርፈህ ተኛ» ለምትሉኝ ሁሉ

ወገቡን የታመመ ሰው ደጋግሞ የሚሰማው ምክር አለ። «ተኛ፣ አትነሳ፣ ብርድ ነው ይለቅሃል።» ከፍቅር እንደሚመጣ አውቃለሁ። ግን ለሳያቲክ ነርቭ ህመም አልጋ ላይ ሰንብቶ መዋል መድኃኒት አይደለም፣ እንዲያውም ጡንቻን ያደክማል፣ ህመሙንም ያቆየዋል። ይህን የምለው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እየኖርኩ፣ ከግራ መቀመጫዬ እስከ ባቴ የሚነድ ህመም ይዤ ሥራ ስመላለስ ከርሜ ነው።

ሳያቲክ በሰውነታችን ካሉት ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ ነው። ከታችኛው ወገብ ይነሳል፣ በመቀመጫ ውስጥ ያልፋል፣ በጭን ጀርባ ወርዶ እስከ እግር ይዘልቃል። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እዚያው ወገብ ላይ ነው። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ከቦታው ወጣ ይልና የነርቩን ሥር ይነካዋል፣ ሰፈር ውስጥ «ዲስክ ተንሸራቶበት ነው» የሚባለው ማለት ነው። ስለዚህ ባትን በቅባት ማሸት ለጊዜው ደስ ይል ይሆናል እንጂ ነገሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ደስ የሚለው ወሬ ግን አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ጥገና ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሻለዋል። ወጣ ያለው ዲስክም ብዙ ጊዜ በራሱ እየሟሸሸ ይሄዳል። ለዚህም ነው ሐኪሞች አደገኛ ምልክት ከሌለ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ምስል) ተነሳ የማይሉት።

ከከተማ ዳር ለምንኖር ሰዎች ዋናው ጠላት መቀመጥ ነው። ጎብጦ መቀመጥ ዲስኩን ይጫነዋል፣ እኛ ደግሞ መሀል ከተማ ለመድረስ ታክሲ ውስጥ ታጥፈን የምናሳልፈው ጊዜ ቀላል አይደለም። የሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ጉልበቴ ደረቴ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ጋቢና ካልተገኘ ሰልፉን ለኋላዬ ሰው እለቅና የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ። ከኋላ ኪሴ ቦርሳዬን አወጣለሁ፣ ሹራቤን ጠቅልዬ ወገቤ ሥር አደርጋለሁ፣ ከመድረሻዬ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ ቀሪውን በእግሬ እሄዳለሁ። ያቺ የእግር መንገድ ከማንኛውም ክኒን በላይ ጠቅማኛለች።

ውሃ ሌላው ፈተና ነው። በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፣ ያውም በአንድ ጎን ተንጠልጥሎ ደረጃ የሚወጣ። ህመም ያለበት ሰው አይሸከመው በቃ። ባለ 5 ሊትር ሁለት ይዛችሁ ግራና ቀኝ አመጣጥኑ፣ ስታነሱ ከጉልበታችሁ እጠፉ፣ ዕቃውን ወደ ሆዳችሁ አስጠጉ፣ ተሸክማችሁ ወገባችሁን አትጠምዝዙ። የልብስ ማጠቢያው ሳፋም መሬት ላይ መቀመጥ የለበትም፣ ጠረጴዛ ላይ ይውጣ። ቡና ላይ ዱካ ሲሰጡኝ ከፍ ያለ ወንበር እጠይቃለሁ፣ ምክንያቱን ሳስረዳ ቅር ያለው ሰው የለም። ስግደትን በተመለከተ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው፣ «የታመመ ቆሞ ቢጸልይ ይበቃዋል» አሉኝ።

በእንቅስቃሴ የምታክመኝ ባለሙያ፣ ፊዚዮቴራፒስቷ፣ ካሳየችኝ እንቅስቃሴዎች ውስጥ አንዱን ላካፍላችሁ። ሰሌን ላይ በሆድ መተኛት። ትንሽ ትንፋሽ ከወሰዱ በኋላ በክርን ተደግፎ ደረትን ብቻ ቀና ማድረግ፣ ዳሌ ከመሬት አይነሳም። እዚህ ላይ ህመሙ ወዴት እንደሚሄድ በደንብ አዳምጡ። ከባት ለቆ ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ወገብ እየወጣ ከመጣ፣ ወገብ ላይ ትንሽ ቢብስ እንኳ ጥሩ ምልክት ነው፣ ቀጥሉበት። ወደ እግር ጣት ከወረደ ግን አቁሙና ባለሙያዋን ጠይቁ፣ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ አይሆንም። ማታ በጎን ስተኛ በጉልበቶቼ መካከል ትራስ አደርጋለሁ። የሞቀ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ በፎጣ ጠቅልሎ ወገብ ላይ ማድረግም ያረጋጋል።

ማስታገሻ እወስዳለሁ፣ አልሸሽግም። ነገር ግን አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ በባዶ ሆድ ጨጓራን ይልጣሉ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ ባይነካቸው ይሻላል። መርፌ ደግሞ ቤት ድረስ እየመጣ በሚወጋ ሰው አታስወጉ። ሳያቲክ የሚያልፈው በዚያው በመቀመጫ ውስጥ ነው፣ ቦታውን የሳተ መርፌ ነርቩን ራሱን ሊጎዳው ይችላል። ወጌሻዎቻችንን አከብራለሁ፣ አከርካሪን ግን ማስጎተትና ማስረገጥ የለብንም።

አሁን የምጽፈውን እባካችሁ ለቤተሰብም አንብቡላቸው። በብልትና በፊንጢጣ ዙሪያ ከደነዘዘ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይም ሳይታወቅ ካመለጠ፣ ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ ሁለቱም እግሮች ከዛሉ፣ ነገ የሚባል ነገር የለም። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው፣ የዘገየ ጉዳት ላይመለስ ይችላል። የእግር ፊት አልነሳ ብሎ ጫማ መሬት መጎተት ከጀመረም አትጠብቁ። ከወገብ ህመም ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ይመርመር፣ ቲቢ በአገራችን ገና አልጠፋም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። በእኛ በኩል ላላችሁ አቃቂ ቃሊቲ ያለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ። ፎቅ ላይ ብቻችሁን የምትኖሩ ደግሞ ሌሊት ደረጃውን ደግፎ የሚያወርዳችሁ የአንድ ጎረቤት ስልክ ዛሬውኑ መዝግቡ።