አንድ አድራሻ የሚጋሩ ሁለት አገልግሎቶችን በአንድ የሊኑክስ ማሽን ላይ በኔትወርክ ኔምስፔስ እንዴት እንደለየኋቸው

አንድን አገልግሎት በሁለት ቅጂ፣ በአንድ የሊኑክስ ማሽን ላይ ጎን ለጎን ማስኬድ ነበረብኝ፤ አንዱ በሥራ ላይ ያለው እትም ሲሆን ሌላው ገና በመፈተን ላይ የነበረው ነው። አገልግሎቱ 10.50.0.2 የሚለውን አድራሻና 8080 የሚለውን ፖርት በውስጡ ይዞ የተሠራ ስለሆነ፣ ሁለተኛው ቅጂ ሲነሣ አድራሻው ተይዟል ብሎ ወዲያው ይቆማል። ኮዱን መንካት አይቻልም ነበር። ሁለት ቨርቹዋል ማሽን ማቆም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ለአንድ የአድራሻ ግጭት ሲባል ሙሉ ከርነልና ሙሉ ዲስክ መደረብ ከልክ በላይ ሆኖ ታየኝ። የኮንቴይነር ሶፍትዌሮችም ቢሆኑ ከሥር የሚጠቀሙት ይህንኑ የከርነሉን ኔምስፔስ፣ ማለትም ለተወሰኑ ፕሮሰሶች ተለይቶ የሚሰጥ ክፍል፣ ስለሆነ፣ በቀጥታ በእርሱ ልሠራ ወሰንሁ።

የኔትወርክ ኔምስፔስ እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው 2.6.24 ከርነል ጀምሮ ያለ ነገር ነው። እያንዳንዱ ኔምስፔስ የራሱ ኢንተርፌሶች፣ የራሱ የራውቲንግ ሰንጠረዥ፣ የራሱ የፋየርዎል ሕጎችና የራሱ የግንኙነት መከታተያ መዝገብ (ኮንትራክ) አለው፤ የፖርት ቁጥሮችም በየኔምስፔሱ ለየብቻ ስለሚቆጠሩ 8080 በአንዱ መያዙ ሌላውን አይመለከተውም። ኔምስፔሱን ለመፍጠር አይፒ ኔትኤንኤስ አድ በሚለው ትእዛዝ ስም መስጠት ይበቃል። መለየቱ በዚያች ቅጽበት ያለቀ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሥራ ሁሉ የተለየውን ነገር በተመጠነ መንገድ መልሶ ማገናኘት ነው። እኔም ጊዜዬን የጨረስሁት በዚሁ ላይ ነው።

አዲስ ኔምስፔስ ሲፈጠር በውስጡ ያለው ሎ የሚባለው ኢንተርፌስ ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ጠፍቶ ነው የሚገኘው። ይህን ትንሽ ነገር መዝለል የሚያስከትለው ምልክት ግራ ያጋባል፤ ማሽኑ ወደ ራሱ አድራሻ የሚልከው ፓኬት የሚያልፈው በሎ በኩል ስለሆነ፣ ሎ ካልበራ በትክክል የተሰጠ የራስ አድራሻ እንኳ ለፒንግ መልስ አይሰጥም። ስለዚህ በስክሪፕቴ ውስጥ ከመፍጠሪያው ትእዛዝ ቀጥሎ ያለው መስመር ሎን የሚያበራው ነው።

ለመገናኛ የተጠቀምሁት ቬዝ የሚባለውን የኢንተርፌስ ጥንድ ነው፤ በአንዱ ጫፍ የገባ ፓኬት በሌላው ጫፍ ይወጣል። አንዱን ጫፍ በአስተናጋጁ ማሽን ላይ (ከኔምስፔሶቹ ውጭ ባለው ዋናው ሥርዓት) ትቼ ሌላውን ወደ ኔምስፔሱ አስገባሁ። የኢንተርፌስ ስም ከ15 ፊደል ሊበልጥ ስለማይችል፣ የአገልግሎቱን ሙሉ ስም በኢንተርፌሱ ላይ ለመጻፍ ያሰበ ሰው ከወዲሁ አጭር ስም ቢመርጥ ይሻለዋል። ለመጀመሪያው ጥንድ 172.31.1.0/30፣ ለሁለተኛው 172.31.2.0/30 ሰጠሁ፤ በሁለቱም .1 የአስተናጋጁ፣ .2 የኔምስፔሱ ነው፤ በየኔምስፔሱ ውስጥ ያለው ዲፎልት መንገድም ወደ .1 ያመለክታል። አገልግሎቱ የሚፈልገውን 10.50.0.2 ግን በቬዙ ላይ ሳይሆን፣ በየኔምስፔሱ በፈጠርሁት ደሚ በተባለ፣ ከምንም መስመር ጋር ባልተያያዘ ዓይነት ኢንተርፌስ ላይ አኖርሁት። አንድ ዓይነት አድራሻ በሁለት ኔምስፔሶች ቢኖርም አስተናጋጁ 10.50.0.2 የሚባል ነገር መኖሩን ጨርሶ ማወቅ የለበትም፤ ካወቀ ወደ የትኛው እንደሚልክ መወሰን አይችልም።

አድራሻው ሁለት ጊዜ የሚቀየረውም በዚህ ምክንያት ነው። አገልግሎቱ ከ10.50.0.2 የሚልከው ፓኬት ገና ከኔምስፔሱ ሳይወጣ፣ በኔምስፔሱ ውስጥ ባለው የኤንኤፍቴብልስ (የሊኑክስ ፋየርዎል) ሕግ ማስከሬድ ተደርጎ፣ ማለትም የምንጭ አድራሻው በሚወጣበት ኢንተርፌስ አድራሻ ተተክቶ፣ 172.31.1.2 ወይም 172.31.2.2 ይሆናል። አስተናጋጁ ጋ ሲደርስ የሁለቱ ምንጭ ተለይቶ ይታወቃል፤ ከዚያ ወደ ውጭ ሲወጣ ዳግመኛ ማስከሬድ ተደርጎ የአስተናጋጁን አድራሻ ይለብሳል። የኮንትራክን ዞኖች ተጠቅሞ በአንድ ቅየራ ብቻ መገላገልም ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ከወራት በኋላ ሕጎቹን የሚያነብ ሰው ሁለቱን ቀላል ቅየራዎች ከአንዱ ውስብስብ ይልቅ ቶሎ እንደሚረዳ ስለማምን ይህን መርጫለሁ። በኔምስፔሱ ውስጥ ፓኬት ማስተላለፍን ማብራት አያስፈልግም፤ 10.50.0.2 እዚያው የሚገኝ አድራሻ ስለሆነ የሚተላለፍ ነገር የለም። በአስተናጋጁ ላይ ግን አይፒ ፎርዋርድ የሚባለው ቅንብር 1 መሆን አለበት፤ ዳግም ሲነሣ እንዳይጠፋም በሲስሲቲኤል (የከርነል ቅንብር) ፋይል ውስጥ መጻፍ ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ከኔምስፔሱ ውስጥ ወደ 172.31.1.1 የላክሁት ፒንግ መልስ አገኘ፤ ወደ ውጭ የላክሁት ግን ዝም አለ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሕጎቹን ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ፓኬቱ እስከ የት እንደደረሰ በዓይን ማየት ይሻላል። ፒንጉን ሳላቋርጥ በአንድ መስኮት ቲሲፒደምፕን (የሚያልፉትን ፓኬቶች የሚያሳየውን ፕሮግራም) በአስተናጋጁ የቬዝ ጫፍ ላይ፣ በሌላው መስኮት ደግሞ በውጭው ኢንተርፌስ ላይ ከፈትሁ። በመጀመሪያው መስኮት ከ172.31.1.2 የሚወጡ የኢኮ ጥያቄዎች በየሰከንዱ ይዘረዘራሉ፤ በሁለተኛው መስኮት ምንም የለም። ፓኬቱ አስተናጋጁ ውስጥ ገብቶ ሳይወጣ ይቀራል ማለት ነው፤ ማስተላለፍ ደግሞ በርቷል፤ ስለዚህ የሚቀረው ተጠርጣሪ የፎርዋርድ ሰንሰለቱ፣ ማለትም በማሽኑ አልፈው የሚሄዱትን ፓኬቶች የሚፈትሹት የፋየርዎል ሕጎች ተርታ፣ ብቻ ነበር። ቆጣሪዎቹን ሳይ ነገሩ ተገለጠ፤ በማሽኑ ላይ አስቀድሞ የተጫነ የኮንቴይነር ሶፍትዌር የሰንሰለቱን ዲፎልት ፖሊሲ ወደ ድሮፕ (መጣል) ቀይሮት ስለነበር፣ ከእያንዳንዱ ፒንግ ጋር የተጣሉት ፓኬቶች ቁጥር አንድ አንድ ይጨምር ነበር። (በቬዝ ላይ ቲሲፒደምፕን የሚከፍት ሰው የቲሲፒ ቼክሰም ስሕተት ነው የሚል ማስታወሻ ካየ አይደንግጥ፤ ቼክሰሙ ለሃርድዌር ተብሎ ሳይሞላ የሚያልፍ በመሆኑ የሚመጣ እንጂ ብልሽት አይደለም።)

እዚህ ላይ ስለ ኤንኤፍቴብልስ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። በራሴ ሰንጠረዥ ውስጥ የፎርዋርድ ሰንሰለት ፈጥሬ የእኔን ፓኬቶች እንዲያልፉ ብፈቅድ ችግሩ አይፈታም፤ ምክንያቱም በአንድ ሰንሰለት የተፈቀደ ፓኬት በዚያው ነጥብ ላይ ባሉት ሌሎች ሰንሰለቶችም መፈተሹን ይቀጥላል። ፈቃድ የሚሠራው በተሰጠበት ሰንሰለት ብቻ ነው፤ እገዳ ግን የመጨረሻ ቃል ነው። ስለሆነም ፈቃዱን ማስገባት የነበረብኝ ራሱ የኮንቴይነሩ ሶፍትዌር ለተጠቃሚ ብሎ ክፍት በተወው ሰንሰለት ውስጥ ነበር። እንዲህ ባደረግሁበት ቅጽበት በሁለተኛው መስኮት ፓኬቶቹ መታየት ጀመሩ።

ማስተላለፍ መብራቱ ያልተፈለገ በርም ይከፍታል። አስተናጋጁ ሁለቱንም 172.31 ሰብኔቶች ስለሚያውቅ፣ ካልተከለከለ በስተቀር አንዱን ኔምስፔስ ከሌላው ጋር ያለ ምንም ችግር ያገናኛል፤ በሁሉም አድራሻዎቹ ላይ የሚያዳምጡ የአስተናጋጁ አገልግሎቶችም ከየኔምስፔሱ ይደረስባቸዋል። መለያየት ሲባል ሰው የሚያስበው ይህን አይደለም። በበኩሌ ከቬዝ ወደ ቬዝ የሚሄደውን ሁሉ የሚጥል ሕግ አስገባሁ፤ ከቬዞቹ ወደ አስተናጋጁ የሚገባውንም ከዲኤንኤስ (የስም መፍቻ አገልግሎት) እና ከፒንግ በቀር ዘጋሁ። ፒንጉን የተውሁት ለምርመራ እንዲመቸኝ ነው።

ዲኤንኤስ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በብዙ ማሽኖች ላይ ስም የሚፈታውን አገልጋይ የሚነግረው የሪዞልቭ ኮንፍ ፋይል የሚጠቁመው ወደ 127.0.0.53 ሲሆን፣ ይህ አድራሻ በኔምስፔሱ ውስጥ የኔምስፔሱ የራሱ ሎ ስለሆነ የሚመልስ የለም። አይፒ ኔትኤንኤስ ለዚህ መላ አለው፤ በኢቲሲ ማውጫ ሥር ኔትኤንኤስ የሚል ማውጫ፣ በእርሱም ውስጥ በኔምስፔሱ ስም ሌላ ማውጫ ተፈጥሮ የተለየ ሪዞልቭ ኮንፍ ቢቀመጥበት፣ በኔምስፔሱ ውስጥ ፕሮግራም የሚያስነሣው የኤግዜክ ትእዛዝ በዋናው ፋይል ላይ ይደርበዋል። ይህን ድረባ የሚሠራው ግን የኤግዜክ ትእዛዝ ብቻ ነው። በኤንኤስኢንተር ትእዛዝ ወደዚያው ኔምስፔስ የገባ ሰው የሚያየው የአስተናጋጁን ፋይል ነው፤ አገልግሎቱን በሲስተምዲ (የሊኑክስ አገልግሎት አስነሺ) ዩኒት ውስጥ የኔምስፔሱን መንገድ ጠቅሶ ማስነሣትም እንዲሁ ፋይሉን አይደርብም። እኔ የሄድሁት በሁለተኛው መንገድ ስለሆነ፣ በዩኒቱ ውስጥ ፋይሉን ለንባብ ብቻ የሚደርብ መስመር ጨምሬአለሁ።

ይበልጥ የገረመኝ ሌላው ነገር ነው። ፋይሉ ከመስተካከሉ በፊት በኔምስፔሱ ውስጥ የስም አገልጋዩን በቀጥታ የሚጠይቀው ዲግ የሚለው ትእዛዝ መልስ አጥቶ ሲቀር፣ ሌላው ትእዛዝ ጌትኤንት ግን ያንኑ ስም በትክክል ይመልስ ነበር። ምክንያቱ ጌትኤንት የሚጠቀመው ስም ፈቺ ቤተ መጻሕፍት (የፕሮግራም ክፍል) ከአስተናጋጁ ሪዞልቨር ጋር የሚነጋገረው በፋይል መንገድ በሚገኝ ዩኒክስ ሶኬት (በአንድ ማሽን ላይ ያሉ ፕሮሰሶች መነጋገሪያ) መሆኑ ነው። የኔትወርክ ኔምስፔስ በፋይል ሥርዓቱ ላይ መንገድ የሌላቸውን፣ አብስትራክት የሚባሉትን የዩኒክስ ሶኬቶች ይለያል፤ በፋይል ሥርዓቱ ላይ መንገድ ያላቸውን ግን አይነካም፤ እነርሱን የሚለየው የማውንት ኔምስፔስ (የፋይል ሥርዓቱን እይታ የሚለየው) ነው። ስለዚህ ምንም የውጭ መስመር የሌለው ኔምስፔስ እንኳ ስም ሊጠይቅና መልስ ሊያገኝ ይችላል። ኔምስፔስን ለጥበቃ ብሎ የሚጠቀም ሰው ይህን ቀዳዳ በዝምታ ሊያልፈው አይገባም፤ እኔ በዩኒቱ ውስጥ ያንን የሶኬት ማውጫ ከአገልግሎቱ ዓይን ሰውሬዋለሁ።

ከውጭ ወደ ውስጥ የሚመጣው ግንኙነት ከዚህ በኋላ ብዙ አላስቸገረም። በአስተናጋጁ ላይ 8081 ወደ 172.31.1.2፣ 8082 ደግሞ ወደ 172.31.2.2፣ ሁለቱም 8080 ፖርት ላይ እንዲያርፉ የመድረሻ አድራሻ ቅየራ አስገባሁ፤ በየኔምስፔሱ ውስጥ ያለው ሌላ ሕግ ደግሞ ወደ 10.50.0.2 ያዞራቸዋል። የማስከሬዱን ሕግ በውጭው ኢንተርፌስ ለሚወጣ ፓኬት ብቻ መገደብ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል፤ ሳይገደብ ቢቀር የሚገባውም ግንኙነት ምንጩ ይቀየርና አገልግሎቱ በመዝገቡ ላይ የሚጽፈው የሁሉም ደንበኛ አድራሻ 172.31.1.1 ይሆናል። ከአስተናጋጁ ከራሱ 8081ን የሚሞክር ሰው ግንኙነቱ እምቢ ቢለው አይገረም፤ ከማሽኑ ራሱ የሚነሣ ፓኬት በፕሪራውቲንግ (ከውጭ ለሚገባ ፓኬት በሆነው፣ የመድረሻ ቅየራው ባለበት ሰንሰለት) አያልፍም፤ የሚያልፈው በአውትፑት ነው። ለዚህ ተብሎ ሕግ መደረብ ይቻላል፤ እኔ ግን ከአስተናጋጁ የሚደረጉትን ፍተሻዎች በቀጥታ ወደ 172.31.1.2 እንዲሄዱ አድርጌ ተውሁት።

ሕጎችን እየቀያየረ ለሚሞክር ሰው አንድ ነገር ልጨምር። የአድራሻ ቅየራ ሕጎች የሚታዩት ለአንድ ግንኙነት የመጀመሪያ ፓኬት ብቻ ነው፤ ውሳኔው በኮንትራክ መዝገብ ላይ ከሰፈረ በኋላ ቀሪዎቹ ፓኬቶች መዝገቡን እንጂ ሕጉን አይጠይቁም። ሳይቋረጥ የሚሄድ ፒንግ ከርነሉ ዘንድ እንደ አንድ ግንኙነት ስለሚቆጠር፣ ሕጉ ተስተካክሎም ፒንጉ በአሮጌው ውሳኔ መሄዱን ይቀጥላል፤ ቀድሞ የሠራው ሕጉ ተሰርዞም ይሠራል። የቲሲፒ ግንኙነት ከሆነማ በመዝገቡ ላይ ዝም ብሎ የመቆያ ዲፎልት ጊዜው 432000 ሰከንድ፣ ማለትም 5 ቀን ነው። ስለሆነም ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ፒንጉን አቁሞ እንደገና መጀመር፣ ወይም በኮንትራክ ትእዛዝ የዚያን ምንጭ መዝገብ መሰረዝ ያስፈልጋል።

አይፒ ኔትኤንኤስ የፈጠረው ነገር ሁሉ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ስለሚጠፋ፣ ግንባታውን በአንድ ስክሪፕት ሰብስቤ አንድ ጊዜ ሠርቶ እንደበራ በሚቆይ የሲስተምዲ ዩኒት ሥር አደረግሁት፤ አገልግሎቶቹም ያ ዩኒት ካለቀ በኋላ ብቻ እንዲነሡ ተያይዘዋል። ማፍረሻው የራሱ ቅደም ተከተል አለው። ኔምስፔሱን መሰረዝ የሚያነሣው ስሙን ብቻ ነው፤ በውስጡ የሚሠራ አንድ ፕሮሰስ እንኳ ካለ ኔምስፔሱ ያለ ስም መኖሩን ይቀጥላል፤ የቬዙ ጫፍም በአስተናጋጁ ላይ ይቀራል። በዚያ ስም እንደገና ለመገንባት ሲሞከር ኢንተርፌሱ አለ የሚል ስሕተት የሚመጣውም ከዚህ ነው። በመሆኑም የማፍረሻው ስክሪፕት አስቀድሞ በአይፒ ኔትኤንኤስ ፒድስ በውስጡ ያሉትን ፕሮሰሶች ይጠይቃል፤ የቀሩ ካሉ ያስቆማቸዋል፤ ስሙን የሚሰርዘው ዝርዝሩ ባዶ ሲሆን ብቻ ነው። የመጨረሻው ፕሮሰስ ወጥቶ ስሙም ሲሰረዝ ከርነሉ ሁለቱንም የቬዝ ጫፎች ራሱ ስለሚያስወግድ፣ በአስተናጋጁ ላይ ለብቻ የሚጠረጉት የኤንኤፍቴብልስ ሕጎች ብቻ ናቸው።