«ወጥነት የለውም»

የመጠይቁ የአማርኛ ትርጉም ከአስተባባሪው ተመልሶ ሲመጣ ግማሽ ያህሉ በቀይ ተሰምሮበታል። ከሥሩ አንድ ማስታወሻ፦ «ወጥነት የለውም። አንዱን ዓይነት ብቻ ይጠቀሙ።»

መጠይቁ የፈረንሳይኛና የጣሊያንኛ አንባቢዎች ሁለት ፍቺ ያለውን ዓረፍተ ነገር ወዴት እንደሚያዞሩት የሚለካ ነው። አማርኛው የተፈለገው ጣሊያንኛን በኋላ የተማሩ ሐበሾችም ስለሚሳተፉ ነበር። ተርጓሚዋ ሮም ያደገች የእኛው አገር ልጅ ናት። አስተባባሪው ደግሞ ፈረንሳይኛ የአፍ መፍቻቸው ስለሆነ በዚያ ጉዳይ ሰው ሊያስተምራቸው ይችላል ብለው የሚያስቡ አይደሉም።

ናሙናው ይሄ ነው፦ «ዣን አ ቩ ለ ፊስ ዱ መድሳን ኪ ኩሬ»። ዣን የሐኪሙን ልጅ አየ፤ «ኪ ኩሬ» («የሚሮጠው» ወይም «ሲሮጥ» ሊባል የሚችል) ደግሞ ሩጫውን ያመጣል። የሮጠው ማነው? ልጁም ሐኪሙም ወንድ ናቸው፣ ሁለቱም ነጠላ ናቸው፣ ግሡም ለሁለቱም ይሆናል። የጣሊያንኛው «ኬ ኮሬቫ»ም ያው ነው። አንባቢው ልጁን ከመረጠ «ላይ»፣ ሐኪሙን ከመረጠ «ታች» ብለን እንመዘግባለን።

የሥነ ልሳን ተመራማሪዋ ሊን ፍሬዚየር በ1970ዎቹ መጨረሻ ያቀረበችው ሐሳብ ሁሉም አንባቢ ታች ይላል የሚል ነበር፤ አእምሮ አዲሱን ቃል አሁን እየሠራበት ካለው ሐረግ ጋር ማያያዝ ይቀለዋልና። እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌቶስና ሚቸል የስፓኒሽ አንባቢዎች ላይ እንደሚሉ ሲያሳዩ ነገሩ ተናጋ። ከዚያ ወዲህ ቋንቋን «የላይ» እና «የታች» እያሉ መደርደር የሙያው ልማድ ሆነ። እንግሊዝኛ ታች ገባ፣ ፈረንሳይኛ ከስፓኒሽ ጎን ላይ ወጣ። ጣሊያንኛ ግን አስቸገረ፦ ዴ ቪንቼንዚና ጆብ በ1990ዎቹ የንባብ ፍጥነት ሲለኩ ታች፣ አንብበው የጨረሱትን ሲጠይቁ ላይ አገኙት። አስተባባሪያችን ይህን ድርደራ ይወዱታል።

ወደ ቀዩ መስመር ልመለስ። ተርጓሚዋ ግሡ «አየ»፣ «ሰማ»፣ «ፎቶ አነሳ» ሲሆን «ሲሮጥ» ብላለች። «አብሮ ኖረ» ወይም «ቀጠረ» ሲሆን ግን ወደ «የሚሮጠው» ዞራለች፤ እዚያ ላይ ደግሞ አማርኛ አያመነታም፦ «የሚሮጠው የሐኪሙ ልጅ» ካልን ሯጩ ልጁ ነው፣ «የሚሮጠው ሐኪም ልጅ» ካልን ሐኪሙ። አንዷ «የ» ፍቺውን ስለምትቆርጠው ሁለቱንም ጽፋ ከጎኑ ምልክት አድርጋለች።

በስብሰባው ላይ የተባለውን ቃል በቃል ማለት ይቻላል አስታውሰዋለሁ።

«ፈረንሳይኛው ሁለቱም ቦታ ላይ ‘ኪ’ ነው የሚለው» አሉ አስተባባሪው። «እርስዎ ለምን ሁለት ያደርጉታል?»

«ዶክተር፣ አጻጻፉ አንድ ይሁን እንጂ ሁለት ነገር ነው።»

«ማስረጃ?»

«ልጁንና ሐኪሙን ያውጧቸውና በቦታቸው የተጸውዖ ስም ያስገቡ። ‘ዣን አ ቩ ማሪ ኪ ኩሬ’። የትኛዋን ማሪ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ?»

አልመለሱም። እሷም አላቆመችም፦ «ስሙንም ይተዉት፣ ተውላጠ ስም ይሁን። ‘ኢል ላ ቩ ኪ ኩሬ’፣ ‘ሲሮጥ አየው’፣ ይባላል። ጣሊያኖቹም ‘ሎ ቪስታ ኬ ኮሬቫ’ ይላሉ። አሁን በ‘አየ’ ፈንታ ‘አብሮ ኖረ’ን አስገብተው ይሞክሩት።»

አስተባባሪው በአፋቸው ሞከሩት። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል። በራሳቸው ቋንቋ ዓረፍተ ነገሩ እምቢ ሲላቸው ማየት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይል ነበር።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ኒኖ ግሪሎና ጆዋው ኮስታ እ.ኤ.አ. በ2014 የጻፉት ይህንኑ ነው። ከማየትና ከመስማት ግሥ በኋላ የሚመጣው «ኪ» ወይም «ኬ» ሁልጊዜ ስምን የሚገልጽ ሐረግ አይደለም፤ ድርጊቱን ራሱን ሊያመለክት ይችላል። ዣን ያየው «ልጁን፣ ያንን የሚሮጠውን» ሳይሆን የልጁን መሮጥ ነው። በዚህ አገባብ «ዱ መድሳን» ውስጥ የተሸጎጠው ሐኪም ሯጭ መሆን ስለማይችል የሚቀረው መልስ «ላይ» ብቻ ነው። ስለዚህ አንባቢው ልጁን ሲመርጥ የላይኛውን ስም አስበልጦ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት ሌላ አገባብ ነው ያነበበው። እንግሊዝኛ በ«ኪ» ፋንታ የሚያስገባው ቃል ይህን ሥራ አይሠራም፤ ታች ማለቱ ብዙም አይገርምም።

መጠይቃችን ላይ ከ24ቱ ዓረፍተ ነገሮች 15ቱ በ«አየ»ና በ«ሰማ» ወገን ግሦች የተሠሩ ነበሩ። ማንም ሆን ብሎ አላደረገውም። ሁለት ሰዎችንና አንድ ድርጊትን በአጭር ዓረፍተ ነገር ለማስገባት ሲፈለግ መጀመሪያ እጅ የሚገባው ግሥ «አየ» ስለሆነ ነው።

እንዲህ ያለ ዝርዝር የምታዘጋጁ ካላችሁ ማጣሪያው ቀላል ነው። የተጸውዖ ስም አስገቡና እዩ፤ ተውላጠ ስምም አስገቡ። ጊዜውንም ቀይሩ፦ የድርጊቱ አገባብ ከዋናው ግሥ ጋር አንድ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ «አየ» ብላችሁ ሩጫውን «ነገ» ካደረጋችሁት ይጠፋል፣ ስምን የሚገልጸው ብቻ ይቀራል። «ኪ»ን በረዥሙ አቻው በ«ለኬል»፣ «ኬ»ንም እንዲሁ በ«ኢል ኳሌ» መተካትም ያጠፋዋል፤ ግን እነዚህ ጾታ ስለሚያሳዩ ስሞቹ በጾታ ከተለያዩ መልሱን ለአንባቢው ነገራችሁት ማለት ነው። የፈረንሳይ ውል አርቃቂዎች «ለኬል»ን የሚወዱት ለዚሁ ነው።

ሌላም የሚያበላሽ አለ። በሁለቱ ስሞች መካከል «ደ» ወይም «ዲ» (የእኛ «የ») ይሁን፤ «አቬክ» ወይም «ኮን» («ከ… ጋር») ካስገባችሁ መልሱ ወደ ታች ያዘነብላል። ከ«ኪ» በፊት ኮማ አታድርጉ። የሐረጉን ርዝመት እኩል አድርጉ፤ የሥነ ልሳን ተመራማሪዋ ጃኔት ፎዶር እንዳለችው አንባቢ ድምፅ ሳያወጣም በልቡ ዜማ ያስገባል፣ ረጅም ሐረግ ደግሞ ከፊቱ ዕረፍት ይጋብዛል፣ ዕረፍቱም ወደ ላይ ይገፋል። ከዓረፍተ ነገሩ በኋላ የሚቀርቡትን ሁለት ምርጫዎች በግማሹ ቅጂ አገላብጡ፤ ሰው ሲደክመው የመጀመሪያውን ያከብባል።

ዝርዝሩ ግማሽ በግማሽ ተሠርቶ እንደገና ወጣ። በ«አየ» ግሦች ላይ ፈረንሳዮቹም ጣሊያኖቹም ላይ አሉ፤ በ«አብሮ ኖረ» ግሦች ላይ ሁለቱም ወረዱ፣ ጨርሰው ግን አይደለም። አስተባባሪው «ጨርሰው አይደለም» የምትለዋን ይዘው ፈረንሳይኛን ከላይኛው መደርደሪያ አላወረዱትም። ተርጓሚዋን ያመሰገኑበት መንገድም የራሳቸው ነው፦ የ«ሲሮጥ»ን «ሲ» የሚቀበሉትንና የማይቀበሉትን ግሦች የለየችበትን ምልክት ወስደው በሠንጠረዡ ውስጥ አንድ አምድ አደረጉት፣ ከላዩ «የአስተባባሪው መመዘኛ» ብለው ጻፉበት።

እሷ ግን ለዚያ ሥራ እንዳይውል አስጠንቅቃ ነበር። «ሲ» ጊዜንም ስለሚናገር ብዙ ያሳልፋል፤ «ዩኒቨርሲቲ ሲማር ቀጠረው» ደህና አማርኛ ነው፣ ጣሊያኖቹ ግን «ቀጠረ»ን ከዚህ «ኬ» ጋር አይቀበሉትም። ይባስ ብሎ «ዣን የሐኪሙን ልጅ ሲሮጥ አየው» ራሱ ሁለት ፍቺ አለው፦ ዣንም እየሮጠ ሊሆን ይችላል። ይህን ያገኙት አስተባባሪው ናቸው፣ በአስተርጓሚ፣ እና ያን ቀን ሙሉ ፊታቸው በራ። መፍትሔው ዣንን አውጥቶ ማሪን ማስገባት ሆነ፤ እሷ ብትሮጥ «ስትሮጥ» ይባላልና። ሦስቱ ቅጂዎች እኩል እንዲሆኑ ፈረንሳይኛውና ጣሊያንኛውም ተቀየሩ። አሁን መጠይቁ ውስጥ የምታየው ሁሌ ሴት፣ የሚሮጡት ሁሌ ወንዶች ናቸው፤ ከፈረንሳዮቹ ተሳታፊዎች አንዳንዶቹ ጥናቱ ስለ ጾታ መስሏቸው ረዘም ያለ አስተያየት ጽፈው ይመልሳሉ።