መላኪያው ከመጽሐፉ ሲበልጥ

መጽሐፉ 8 ዶላር። መላኪያው 34 ዶላር።

ኢቤይ ላይ ነው ያገኘሁት። ስለ ላስታና ትግራይ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የሚናገር፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ የሞላበት ወፍራም መጽሐፍ ነው። ሻጩ ኦሃዮ የሚኖር የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ነው። ከአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት የተወገደ መሆኑን በግልጽ ጽፏል። ፎቶውን ሳጎላው የመደርደሪያው ቁጥር አሁንም ጀርባው ላይ ተለጥፏል። ውስጥ ሽፋኑ ላይ የውሰት ቀን ማኅተሞች አሉ። የመጨረሻው ማኅተም የዛሬ ሠላሳ ዓመት ግድም ነው። ከዚያ ወዲህ የነካው የለም።

ይህን መጽሐፍ ስድስት ኪሎ፣ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ አንብቤዋለሁ። ይዞ መውጣት አይቻልም፤ መከልከላቸውም ልክ ነው። እኔ ግን ክፍል ይዤው መግባት ነው የምፈልገው። ታሪክ አስተማሪ ነኝ። ተማሪ የፈተና ወረቀት ላይ "ላሊበላ" ብሎ መጻፍ አያቅተውም። ፎቶውን በእጁ ይዞ፣ የበሩን ጥርብ በጣቱ እየተከተለ ሲያይ ግን ፊቱ ላይ የሚመጣው ሌላ ነገር ነው። ስልክ ላይ የሚያየው ፎቶ እንደዚያ አያደርገውም።

ስለ አገራችን የተጻፉ ስንትና ስንት መጻሕፍት የታተሙት ለንደን፣ ፓሪስ፣ ሮም ነው። እዚህ የሚገኙት ቅጂዎች ጥቂት ናቸው። እዚያ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቶቹ ቦታ ሲጠባቸው ያወጧቸዋል፤ ብዙ ፈላጊ ስለሌላቸው አንዳንዶቹ በርካሽ ይሸጣሉ። ፈላጊው ያለው እዚህ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። መጽሐፉ አለ፣ ዋጋው የአቅማችን ነው፣ መሐል ያለው መንገድ ግን ከአቅማችን በላይ ሆኗል።

ስለ ብሩ ሁላችንም እናውቃለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት የባንክ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ያኔ 34 ዶላር ሁለት ሺህ ብር አይሞላም። ዛሬ ዶላሩ ከ150 ብር በላይ ነው፤ ያው 34 ዶላር ከ5,000 ብር አለፈ። የመምህር ደመወዝ የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ራሱ ያስላው። ሁሉንም በብር ማሳበብ ግን ልክ አይመስለኝም። ፍራንክፈርት የሚኖረው ጓደኛዬ ደመወዙን በዩሮ እየተቀበለ እንደኔው ያማርራል። አውሮፓ ኅብረት ድሮ ከ22 ዩሮ በታች የሆነን ትንሽ ዕቃ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ያደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ወዲህ ከመጀመሪያዋ ዩሮ ጀምሮ ይከፈላል። እዚያም ሰው ጋሪው ውስጥ ያስገባውን ዕቃ ትቶ ይወጣል።

መላኪያው በራሱ፣ በዶላሩም ቢሆን፣ ጨምሯል። ሥሩን ሳስበው አንድ ቀን ላይ እቆማለሁ። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ወደ ውጭ አገር በመርከብ የሚልከውን ፖስታ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2007 አቆመ። ከዚያ በፊት መጽሐፍ በጆንያ ታስሮ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ወራት ፈጅቶ ይደርስ ነበር። ርካሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር በአውሮፕላን ነው። መድኃኒትም በአውሮፕላን፣ ስልክም በአውሮፕላን፣ ሠላሳ ዓመት ማንም ያልነካው መጽሐፍም በአውሮፕላን። መጽሐፍ ከባድ ነው እንጂ ቸኳይ አይደለም። ይህን ያህል ዘመን የጠበቀ ሦስት ወር ቢጨመርበት ምን ይሆናል? እኔም እጠብቃለሁ። ግን "ቀስ ብሎ ይምጣልኝ" የሚል ምርጫ ገጹ ላይ የለም።

ለሻጩ ጻፍኩለት። ሰውየው ጨዋ ነው፤ በማግስቱ መለሰልኝ። መጽሐፉን ጠቅልሎ ሚዛን ላይ አስቀምጦታል፤ 4 ፓውንድ ከ2 አውንስ ሆነበት። ችግሩ ያቺ 2 አውንስ ናት። በአሜሪካ ፖስታ ቤት ለውጭ አገር ርካሹ የጥቅል አገልግሎት እስከ 4 ፓውንድ ድረስ ብቻ ነው፤ 1.8 ኪሎ መሆኑ ነው። ከዚያ ካለፈ ወደ ቀጣዩ አገልግሎት ይገባል፣ ዋጋውም ይዘላል። ካርቶኑን ቀለል ያድርግልኝ ብዬ ለመንኩት። "ማዕዘኖቹ ይጨፈለቃሉ፣ እንዲህ አድርጌ መላክ አልወድም" አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም ብሆን ማዕዘኑ የተጨፈለቀ መጽሐፍ መቀበል አልወድም።

ይሄ ሰውዬ አልጨከነብኝም። ዋጋውን የሚያወጣው እሱ አይደለም። ከጀርባው ያለው አሠራር ነው፤ ይህንንም ጠጋ ብዬ ሳየው የኛም ታሪክ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1874 በርን ላይ 22 አገራት ተሰብስበው አንድ ስምምነት ፈረሙ። በኋላ የዓለም ፖስታ ኅብረት የተባለው እሱ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ አገር የቴምብሩን ገንዘብ ለራሱ ያስቀራል፤ ከሌላ አገር የመጣለትን ደብዳቤ ደግሞ ያለ ክፍያ ያድላል። ደብዳቤ የላከ መልስ ይመጣለታልና ሒሳቡ ይቻቻላል። አጼ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎቱን በ1886 ዓ.ም. ሲያቋቁሙ የኛ ቴምብሮች ፓሪስ ታትመው መጡ። በአራቱ ላይ የንጉሡ ምስል፣ በሦስቱ ላይ አንበሳ። ግን አገራችን ገና የኅብረቱ አባል አልነበረችምና የኛ ቴምብር ብቻውን ደብዳቤን ባሕር አያሻግርም ነበር፤ የፈረንሳይ ቴምብር አብሮ መለጠፍ ነበረበት። በ1901 ዓ.ም. አባል ስንሆን የአዲስ አበባ ቴምብር እንደ ማንኛውም አገር ቴምብር ዓለምን የሚያዞር ሆነ። ይህን ለተማሪዎቼ ሳስተምር ደስ ይለኛል። በብዙ ነገር እኩል ባልታየንበት ዘመን፣ በደብዳቤ እኩል ሆነን ነበር።

መቻቻሉ ግን አልቆየም። አንዱ ብዙ ይልካል፣ ሌላው ብዙ ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ1969 ብዙ የላከ አገር ለተቀባዩ አገር ደብዳቤውን የማደያ ክፍያ እንዲከፍል ተወሰነ። ታዳጊ የሚባሉት አገራት ዝቅ ያለውን ተመን ይከፍሉ ነበር። ኋላ ላይ ኢንተርኔት መጣ፣ ደብዳቤው ቀንሶ ዕቃው በዛ፣ ከቻይና የሚወጣው ትንንሽ ጥቅል ዓለምን ሞላው። አንድ አሜሪካዊ ሻጭ ወደ ጎረቤት ክፍለ ግዛት ለመላክ ከሼንዘን ከሚልከው ሰው የበለጠ የሚከፍልበት ጊዜ ሆነ። ይህ ቅሬታ እውነት ነበረው፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን እጮህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ከኅብረቱ እወጣለሁ አለች። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 ጄኔቭ ላይ አስቸኳይ ጉባኤ ተጠርቶ፣ ብዙ ዕቃ የሚቀበሉ አገራት የማደያ ተመናቸውን ራሳቸው እንዲወስኑ፣ ሌሎቹም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ቀስ በቀስ እንዲከተሉ ስምምነት ተደረሰ። ጠቡ የሁለት ግዙፎች ነበር። ተመኑ ከፍ ሲል ግን ለሁሉም ከፍ አለ።

በመሐሉ ኮቪድ ገባ። ከዓለም የአየር ጭነት ግማሽ ያህሉ ይጓዝ የነበረው በመንገደኛ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ነው። መንገደኛ ሲቆም ያ ቦታ አብሮ ጠፋ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመንገደኛ አውሮፕላኖቹን ወንበር አንስቶ ጭነት የጫነበትን ጊዜ እናስታውሳለን፤ እንደዚያ ያደረገው ቦታው ወርቅ ስለሆነ ነው። ወረርሽኙ አለፈ። ዋጋው ግን ወደ ነበረበት አልተመለሰም።

የግል ኩሪየሮቹ ጋ ደግሞ ሌላ ስሌት አለ። ሚዛኑን ብቻ አያዩም። የካርቶኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሳንቲሜትር ያባዙና ለ5,000 ያካፍላሉ። 40 በ30 በ30 የሆነ ካርቶን ውስጡ ሁለት ኪሎ ዕቃ ቢይዝም 7.2 ኪሎ ተብሎ ይከፈልበታል። አየር ነው የምትገዛው ማለት ነው።

ጉምሩኩም አለ። ቀረጥ የሚሰላው ዕቃው በተገዛበት ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የመላኪያውና የኢንሹራንሱ ወጪ ይደመርበታል። በዚያ ላይ ደግሞ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ስለዚህ ቀረጥ የሚከፈልበት ዕቃ ከሆነ መላኪያው ባደገ ቁጥር ቀረጡም አብሮ ያድጋል። ለአንድ ጭማሪ ሁለቴ መክፈል ነው። ይህን ብዙ ገዢ ዕቃው እስኪደርስ ድረስ አያውቀውም። አዲስ የምትጀምሩ ካላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት አስሉት።

ከዚህ የሚላክበትም አቅጣጫ እንደዚያው ነው። የአክስቴ ልጅ ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጋ እያሠራች ነጠላና ቀሚስ በኦንላይን ለአሜሪካ ሐበሾች ትሸጣለች። ድሮ 800 ዶላር የማይሞላ ዕቃ አሜሪካ ሲገባ ቀረጥ አልነበረበትም። ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ጀምሮ ያ ቀረ። በዚያ ሰሞን የብዙ አገራት ፖስታ ቤቶች ቀረጡን እንዴት እንደሚሰበስቡ ግራ ገብቷቸው ወደ አሜሪካ መላክ አቆሙ። የዓለም ፖስታ ኅብረት ራሱ ወደዚያ የሚሄደው ዕቃ ከ80 በመቶ በላይ መውረዱን ተናገረ። ሚኒያፖሊስ ያለች ደንበኛዋ ለእህቷ ሠርግ ያዘዘችው ቀሚስ ተሰፍቶ፣ ጥለቱ ተጠናቆ፣ ታጥፎ ላስቲክ ውስጥ ተቀመጠ። በመጨረሻ በሰው ሄደ። ሸማኔው ጥበቡን ለመጣል ሳምንታት የደከመበት ልብስ፣ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ይጠብቃል።

በሰው። ሁላችንም የምንጠቀምበት መላኪያ ይሄ ነው። እህቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት። አሜሪካ ውስጥ መጽሐፍ በፖስታ ለመላክ "ሚዲያ ሜይል" የሚባል ርካሽ አገልግሎት አለ፤ ከኦሃዮ እሷ ቤት ድረስ በጥቂት ዶላር ይደርሳል። ከዚያ ወዲህ ያለው በሻንጣ ነው። ሰው ሲመጣ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። የዚያች 46 ኪሎ ወራሾች ብዙ ናቸው። የእናት የስኳር መለኪያ አለ፣ የሕፃን ወተት አለ፣ የጫማ አደራ አለ። በኪሎ እያስከፈሉ የሚያመጡም አሉ፤ ቴሌግራም ላይ "ኪሎ አለኝ" የሚል ማስታወቂያ ሞልቷል። ለመጽሐፍ ግን አያዋጣም።

ባለፈው አንዲት ጎረቤቷ፣ ትልቅ ሴት፣ ለዘመድ ሠርግ ሊመጡ ሲሉ እህቴ ከዚህ በፊት ስለገዛሁት ሌላ መጽሐፍ ጠየቀቻቸው።

"እማማ፣ ለወንድሜ አንድ መጽሐፍ ትንሽ ቦታ ይኖርዎታል?"

"ለመጽሐፍማ እምቢ አይባልም ልጄ። ስንት ኪሎ ነው?"

የሻንጣ ሚዛኑን ከነማንጠልጠያው አምጥተው ሻንጣውን አነሱ። 22.6። መጽሐፉ ሲጨመር አለፈ። ሁለት ጠርሙስ ሻምፖ አውጥተው "ይሄ ለኔ ነው፣ አዲስ አበባም ይሸጣል" አሉና መጽሐፉን አስገቡት። አሁን ተማሪዎቼ የሚያገላብጡት እሱ ነው። እኚህን ሴት ቦሌ አግኝቻቸው እጃቸውን ስሜያለሁ። ግን የአገር ታሪክ የሚመለሰው በአንዲት እናት ሻምፖ ምትክ መሆን አልነበረበትም። እሳቸውን በየዓመቱ ማስቸገርም አልችልም። እህቴም እንዲሁ። ቤቷ መግቢያ ላይ ተራ የሚጠብቁ የኔ መጻሕፍት ተደርድረዋል፤ ባሏም ልጆቿም ተራምደዋቸው ያልፋሉ፤ አንድ ቀን ተቆጥታኝ አታውቅም።

አሁን የማስበው ሌላ ነገር ነው። የአሜሪካ ፖስታ ቤት "ኤም ባግ" የሚለው የቆየ አገልግሎት አለው። ለአንድ ተቀባይ፣ በአንድ ጆንያ፣ የታተመ ነገር ብቻ፣ እስከ 66 ፓውንድ፤ 30 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። የመርከቡ ከቀረ ወዲህ እሱም በአውሮፕላን ነው። የኪሎው ዋጋ ግን ከነጠላ ጥቅል ይሻል ይሆናል። ከትምህርት ቤታችን የጂኦግራፊውና የአማርኛው መምህራን የሚፈልጓቸው መጻሕፍት አሉ። የሁላችንን እህቴ ቤት አጠራቅመን በአንድ ጆንያ ብናስመጣና ወጪውን ብንካፈል፣ ለያንዳንዱ መጽሐፍ የሚደርሰው ይቀንሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ዝርዝሩን ዛሬ በእረፍት ሰዓት ጀመርን።

ለኦሃዮው ሰውዬ "ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ላከው" ብዬ ጽፌለታለሁ። እህቴ ቅዳሜ ፖስታ ቤት ሄዳ ጆንያው አዲስ አበባ ድረስ ይሄድ እንደሆነ፣ ኪሎው በስንት እንደሚታሰብ ትጠይቃለች። መልሱ ሲመጣ እዚሁ እጽፈዋለሁ፤ ሌላ ትምህርት ቤት ያላችሁ መምህራንም ዝርዝራችሁን አዘጋጁ።