ካርቦራተሩ ሲፈላ

ቀኑ አርብ፣ ሰዓቱ 6 ተኩል ገደማ። ጅማ ውስጥ ካሉት ጋራዦች በአንዱ አንዲት ቀይ ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ኮፈኗ ተከፍቶ ቆማለች። ጣሪያዋ ስለሚታጠፍ ለሰርግ ትፈለጋለች፤ ቅዳሜ ሙሽሮች ይሄዱባታል። ሞተሯ ብልሽት የለውም። የዓመታት ዘይት ከከተማው ቀይ አፈር ጋር ተጋግሮ ቅርፊት ሠርቶባታል እንጂ። ባለመኪናው «ኮፈኑን ስከፍት እንዳላፍር» ብሎ ነው ያመጣት። የጋራዡ ኃላፊ ካርቦራተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ) እና ሁለቱን የቫልቭ ክዳኖች ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ደረደረና ረዳቱን «እነዚህን አጥበህ ጠብቀኝ» ብሎት ወደ ጁምዓ ወጣ።

በምን እንደሚያጥባቸው አልነገረውም። ልጁም አልጠየቀ፤ ምን ብሎ ይጠይቃል? ጥግ ላይ ሳምንቱን ሙሉ የአይሱዙ ሞተር ዕቃ ሲነከርበት የሰነበተ ግማሽ በርሜል አለ። 40 ሊትር ውሃ ላይ 2 ኪሎ ኮስቲክ ሶዳ። ጥቁር ሆኖ የገባ ብረት ከዚያ ውስጥ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ካርቦራተሩንና ክዳኖቹን በሽቦ አስሮ እዚያው ነከራቸው።

ደቂቃ ሳይሞላ መንተክተክ ጀመረ። መጀመሪያ ደቃቅ አረፋ በክዳኖቹ ጠርዝ ዙሪያ፣ ቀጥሎ እንደ ሻይ ጀበና ከታች የሚገፋ ፍላት፣ ጉሮሮ የሚከረክር ተን። በርሜሉ ከውጭ ሲዳሰስ ሞቋል። ልጁ ደስ አለው፤ የአይሱዙው ዕቃ እንኳ እንዲህ አልፈላም።

ኃላፊው 40 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ተመለሰ። ድምፁን ከበሩ ላይ ሰማው።

«ምን ውስጥ ነው የከተትከው?»

«ያው የአይሱዙውን የምናጥብበት ነው፣ ጋሼ። ይዩት እንዴት እንደሚያስለቅቅ!»

«ዕቃውን እየበላው ነው እኮ አንተ ልጅ! አውጣ፣ አውጣው! እዚያ ጋ ያለውን ብየዳ አስቁሙልኝ!»

ብየዳውን ማስቆሙ ትክክል ነበር። አሉሚኒየም አየር በነካው ቁጥር ላዩ ላይ ስስ የኦክሳይድ ልብስ ይለብሳል፤ የሚጠብቀውም ያ ልብስ ነው። ኮስቲክ መጀመሪያ እሱን ያሟሟል፣ ቀጥሎ እርቃኑን የቀረውን አሉሚኒየም ይበላል። በሚበላበት ጊዜ የሚወጣው አረፋ ሃይድሮጅን ነው። ሃይድሮጅን ደግሞ በአየር ውስጥ ከመቶ 4 እጅ ሲደርስ ብልጭታ ይበቃዋል። ሥራው ሙቀት ይፈጥራል፣ ሙቀቱ ሥራውን ያፋጥነዋል፤ በርሜሉ የሞቀው ለዚህ ነው። የአይሱዙው ዕቃ ብረት ስለሆነ ኮስቲኩ ዘይቱን ወደ ሳሙና ለውጦ አጥቦለት ዕቃውን ሳይነካ ተወው። የካርቦራተር አካል ግን ከአሉሚኒየም ወይም ከዚንክ ቅይጥ የሚፈስ ነው፤ ኮስቲክ ሁለቱንም ይበላል።

ይህቺ መኪና ለዚህ ዓይነት ስህተት የተመቸች ናት። በ1966 እ.ኤ.አ. ቱሪን ላይ ስትቀርብ አካሏን የጣሊያኑ የመኪና ነዳፊ ኩባንያ ፒኒንፋሪና፣ ሞተሯን ቀድሞ ፌራሪ ቤት የነበረው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነበር የነደፏት። ብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ብረት፣ በላዩ የሚቀመጠው ቴስታታና ክዳኖቹ አሉሚኒየም፣ ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ሁለቱን ካምሻፍቶች የሚያዞረው ደግሞ የጎማ ቺንጋ ነው። አንዱ ሞተር ላይ ለየቅል ጠባይ ያላቸው ሦስት ነገሮች ተቀምጠዋል። አንዱን የሚያጸዳ ሌላውን ያበላሻል፤ ላያቸው ላይ ያለው ቆሻሻ ግን አንድ ዓይነት ስለሆነ ዓይን ያሳስታል።

ኃላፊው ዕቃዎቹን በሽቦው ጎትቶ አወጣና ለ10 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ አጠባቸው። ከዚያ 5 ሊትር ውሃ ላይ አንድ ብርጭቆ ኮምጣጤ ጨምሮ ለ2 ደቂቃ ነከራቸው፣ እንደገና አለቀለቀ፣ በኮምፕሬሰር አደረቀ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ ውሃ ሳያስቀድሙ አሲድ ማፍሰስ ይበልጥ ያሞቀዋል። ልጁ ጓንት አድርጎ ነበር፣ መነጽር ግን አላደረገም። ዓይኑ አለመነካቱ ዕድል ነው። ኮስቲክ ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ ሳያቋርጡ በንጹህ ውሃ ማጠብና ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል፤ ሲበጠበጥም ሶዳው ወደ ውሃው በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል እንጂ ውሃ ሶዳው ላይ አይፈስም።

ክዳኖቹ ጥላሸት የተቀቡ መስለው ወጡ። ጥቁሩ ነገር ቅይጡ ውስጥ የነበረው ሲሊከንና መዳብ ነው፤ አሉሚኒየሙ ሟሙቶ እነሱ ላዩ ላይ ቀሩ። ክዳኖቹን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀትና በማወልወያ ቅባት ማዳን ተቻለ። ካርቦራተሩ ግን አልዳነም። ጋርኒሲዮን (በሁለት ዕቃዎች መካከል ገብቶ ፍሳሽ የሚከለክል ስስ ንጣፍ) የሚያርፍበት ፊቱ ስለሻከረ በመስታወት ላይ በተነጠፈ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ እየነካ፣ ተስተካከለ፤ የቢራቢሮው (አየር የሚከፍትና የሚዘጋ ክብ ክዳን) ዘንግ የሚያልፍበት ቀዳዳ ግን ሰፍቷል። ዘንጉ ብረት ስለሆነ መጠኑን ጠብቋል፣ ቀዳዳው ተበልቷል። በዚያ ክፍተት ያልተመጠነ አየር ይገባል፤ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) አልረጋም አለ፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይጠፋል። ሙሽሮቹ በሌላ መኪና ሄዱ። ለስፓይደሯ ያገለገለ ካርቦራተር ከአዲስ አበባ እስኪመጣላት ጋራዡ ውስጥ ሰነበተች።

ሥራው ምን መሆን ነበረበት? ለአሉሚኒየም ዕቃ መነሻው ለብ ያለ ውሃና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ነው፤ 5 ሊትር ላይ ሦስት የሾርባ ማንኪያ። ዱቄት ሳሙና ሶዳ ስላለበት ብዙ ሲቆይበት አሉሚኒየምን ያደበዝዛል። ወፍራሙን ቅርፊት አስቀድሞ በተሾለ እንጨት መፋቅ ነው፤ ካቻቢቴ ጋርኒሲዮን የሚቀመጥበትን ፊት ይጭራል፣ ያ ጭረት በኋላ ዘይት ያንጠባጥባል። ደርቆ ለሚያስቸግረው ዘይት ትንሽ ነጭ ጋዝ በብሩሽ ይቀባል፤ 5 ደቂቃ ቆይቶ በሳሙናው ይታጠባል። ጎማ ሳይነካ፣ ብረቱና አሉሚኒየሙ ላይ ብቻ፣ ደጅ፣ ከእሳት ርቆ።

ቤንዚን አይሆንም። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ይሰጣል፤ ተኑ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ መኪና የሚሠራበት ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። የናፍጣ እጥበትስ? አገሩን ሁሉ ያዳረሰ ልማድ ነው፣ ግን ለእንዲህ ዓይነቷ መኪና አይመከርም። ለአንድ ቀን ያብለጨልጭና የቀረው ቅባት በማግስቱ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል፤ ጎማ ነገሮችንም ያሳብጣል።

ሞተሩ ሳይፈታ እዚያው የሚታጠብ ከሆነ መጀመሪያ ይብረድ፤ እጅ ማሳረፍ እስኪቻል። ትኩስ ቴስታታ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ሊሰነጥቀው ይችላል፣ ማጠቢያውም ሳይታጠብ ይደርቅና እድፍ ይተዋል። የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል። የካርቦራተሩ አፍና የኤሌክትሪክ ዕቃዎቹ፣ ማለትም ዲስትሪቢዩተሩ፣ ኮይሉና ዲናሞው፣ በፌስታል ተሸፍነው በላስቲክ ይታሰሩ። የቺንጋው ሽፋን ውሃም ሆነ ዘይት ሙሉ በሙሉ አያግድም፤ ስለዚህ በሞተሩ ፊት በኩል ነጭ ጋዝ የነካው ብሩሽ እንዳይደርስ። ዘይት ወይም ጋዝ የጠጣ ቺንጋ ይለወጣል እንጂ አይታጠብም። ውሃው ቀስ ብሎ የሚፈስ ይሁን፤ የላቫጆ ግፊት ውሃን በፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ በሚዘጋው የዘንግ ጎማ) አልፎ ያስገባል። በመጨረሻ በነፋስ ማድረቅ፣ እርቃኑን የቀረውን ብረት በዘይት በነካ ጨርቅ ማበስ። በጅማ ክረምት ዘይቱ የተገፈፈ ብረት ሳይቀባ ካደረ ጠዋት ላይ ቡናማ ሆኖ ይገኛል።

ፍሬን ሌላ ዓለም ነው። ውስጡ ያሉት ጎማዎች ቤንዚንም ነጭ ጋዝም ካገኛቸው ያብጣሉ፣ ፍሬኑም ተይዞ ይቀራል፤ እነሱ የሚታጠቡት በፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል ብቻ ነው። የፍሬን ዘይት በበኩሉ የመኪና ቀለም ይልጣል፤ ጠብ ካለ ወዲያው በውሃ። በዚያ ዘመን በተሠሩ የፍሬን ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ስለነበረ አቧራውን በኮምፕሬሰር መንፋት ለሳንባ አደገኛ ነው፣ በእርጥብ ጨርቅ ይነሳል። በቆርቆሮ የሚሸጠው የፍሬን መርጫ ክሎሪን ያለበት ከሆነ አጠገቡ አይበየድ፤ በብየዳው ሙቀት ፎስጂን የተባለ መርዛም ጋዝ ይወጣዋል። ክሎሪን የሌለበት ደግሞ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ሁለቱንም ከቀለም፣ ከክሩስኮት (ከዳሽቦርዱ) እና ከጣሪያው ፕላስቲክ ማራቅ ነው።

በጣም የሚያስቸግረው ሃይላንድ ውስጥ ተቀድቶ ያለ ጽሑፍ የሚሸጠው «ዲግሪዘር» (ቅባት ማስለቀቂያ) ነው። አንዱ ሳሙና ይሆናል፣ ሌላው ኮስቲክ፤ ቀለሙና ሽታው አይለይም። መለያው ርካሽ ነው፤ ከተሰበረ የአሉሚኒየም ድስት የተቆረጠ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ የነጣ ቁራጭ። በብርጭቆ ከተቀዳው ዲግሪዘር ውስጥ ተነክሮ 10 ደቂቃ ይታያል። አረፋ ካወጣ ወይም ከጠቆረ ለብረት ይቀመጥ። የለስላሳ ቆርቆሮ ለዚህ አይሆንም፤ ውስጡም ውጭውም የተቀባ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ያታልላል። ቁራጩ ቢያልፍም መኪናው ላይ ከማይታይ ቦታ፣ ከክዳኑ ሥር በጥጥ ነክቶ ማየት ነው፤ ቀለም ያለበት ከሆነ ጥጡ ቀለም ይዞ መጣ ወይ ተብሎ ይታያል።

እጣቢው አወይቱ ወንዝ ውስጥ እንዳይገባ መሬቱ ላይ ሰጋቱራ ይበተናል፤ ከታጠበ በኋላ ተጠርጎ በጆንያ ይቀመጣል።

በርሜሉ ዛሬም እዚያው ጥግ ላይ ነው፤ ላዩ ላይ በነጭ ቀለም «ብረት ብቻ» ተጽፎበታል፣ ከጎኑ አንድ የድስት ቁራጭ በሽቦ ተንጠልጥሏል። በቅርቡ ከገበያ አንድ ሃይላንድ አረንጓዴ ፈሳሽ ሲመጣ ኃላፊው ምንም አላለም። ልጁ ራሱ በብርጭቆ ቀድቶ ቁራጩን ነከረና ሰዓቱን አየ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ በጠርዙ ዙሪያ ደቃቅ አረፋ ተሰለፈ። ሃይላንዱን ክዳኑን አጥብቆ፣ ገንዘቡን ሊያስመልስ ወደ ጅማው መርካቶ ወጣ።