የተቆጠበው ብርሃን የት ይሄዳል?

ዛሬ የስልኬን ባትሪ አስቀየርኩ። ስልኩ ራሱ ምንም አልሆነም፤ ስክሪኑ ደህና ነው፣ ካሜራው ጥሩ ያነሳል፣ የምፈልገውን ሁሉ ይሠራል። የደከመው ባትሪው ብቻ ነበር፤ ጠዋት ሞልቶ ከቤት የወጣው እኩለ ቀን ሳያልፍ ቀይ ማሳየት ጀምሮ ነበር። እንዲህ ሲሆን የብዙ ሰው ሐሳብ ቶሎ ወደ አዲስ ስልክ ይሄዳል። የሊቲየም ባትሪ ግን ተፈጥሮው ይኸው ነው፤ ብዙዎቹ የስልክ ባትሪዎች 500 ጊዜ ያህል ሙሉ በሙሉ ተሞልተው ሲያልቁ አቅማቸው ከመጀመሪያው ወደ 80 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ባትሪ ያረጃል፤ ስልኩ ግን አብሮት ማርጀት የለበትም። ጠጋኙ ጀርባውን በሙቀት አላልቶ ከፈተው፣ ሙጫውን ቀስ አድርጎ አላቀቀ፣ አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን አስገባ። እጁን እያየሁ ቆሜ፣ ይህን የመሰለ ሙያ ምንኛ ትልቅ ክብር እንደሚገባው አሰብኩ።

ደስ ብሎኝ ነው የተመለስኩት፤ ደስታዬም ገንዘቤ ስለተረፈ ብቻ አይደለም። አንድ ዘመናዊ ስልክ በዕድሜው ሙሉ ከሚያስከትለው የካርቦን ልቀት አብዛኛው የሚወጣው ገና ካርቶኑ ሳይከፈት ነው፤ ማዕድኑ ሲቆፈርና ሲነጠር፣ በተለይ ደግሞ ቺፑ ሲሠራ። ባትሪው ውስጥ ያለው ኮባልት ከኮንጎ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የመምጣቱ ዕድል ሰፊ ነው፤ ከዓለም ምርት ወደ 70 በመቶ የሚሆነው ከዚያ ነው የሚወጣው። ከሚቆፍሩትም መካከል በእጃቸው የሚቆፍሩ አሉ፤ ሕፃናትም ጭምር። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ስልክ በእጄ ስይዝ የእነሱም ድካም አብሮ ይሰማኛል።

ቻርጅ የሚደረግበት ኤሌክትሪክ ደግሞ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። የስልክ ባትሪ 15 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። በየቀኑ ከባዶ ቢሞላ እንኳ፣ በመንገድ የሚባክነው ተጨምሮ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚወስደው ከ7 ኪሎዋት ሰዓት ብዙም አይዘልም። ባለ 2 ኪሎዋት የውሃ ማሞቂያ ይህንኑ በሦስት ሰዓት ተኩል ይጨርሰዋል። ስለዚህ አካባቢን መጠበቅ ሲባል ቻርጀር ከሶኬት መንቀል ብቻ የሚታያቸውን ሰዎች ሳይ፣ ልባቸው ቅን መሆኑን ባውቅም፣ ጉልበታቸው በትንሹ ነገር ላይ እንዳያልቅ እሰጋለሁ። ስልኩን ሁለትና ሦስት ዓመት ጨምሮ መያዝ ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

ማታ አምፖሉ ሥር ተቀምጬ ይህን ስጽፍ ሐሳቤ ወደ አምፖሉ ሄደ። በቤታችን ውስጥ ከገቡት አዳዲስ ነገሮች ሁሉ እጅግ የማደንቀው ኤልኢዲ የተባለውን ቆጣቢ መብራት ነው። የድሮው ባለ ክር አምፖል ከወሰደው ኤሌክትሪክ ወደ ብርሃን የሚለውጠው ከ10 በመቶ ያነሰውን ነበር፤ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ያኔ 60 ዋት ይጠይቅ የነበረውን ብርሃን ዛሬ ኤልኢዲ በ9 ዋት ገደማ ይሰጣል። ይህ እንዲሁ አልመጣም። ቀይና አረንጓዴው ኤልኢዲ ቀድሞ ተሠርቶ ነበር፤ ነጭ ብርሃን ለማግኘት የሚያስፈልገው ሰማያዊው ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ተመራማሪዎችን አስቸገረ። ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖ እና ሹጂ ናካሙራ ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው የተዉትን ጋሊየም ናይትራይድ የተባለ ቁስ ሙጥኝ ብለው ያዙና ሰማያዊውን አበሩት። እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚሁ ነው። የእነዚህን ሰዎች ትዕግሥት ሳስብ ምስጋና ይሞላኛል።

ሆኖም የሚያሳስበኝ ነገር የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 ዊሊያም ስታንሊ ጄቨንስ የተባለ እንግሊዛዊ የምጣኔ ሀብት ምሁር አንድ ነገር አስተውሎ ነበር። የእንፋሎት ሞተር ተሻሽሎ በጥቂት ከሰል ብዙ መሥራት ሲችል፣ በጠቅላላው የሚነደው ከሰል ይቀንሳል ሲባል ጨመረ። ሞተር ማሠራት ሲረክስ ቀድሞ ሞተር ባልነበረበት ሁሉ ሞተር ተተከለ። ብርሃንም እንዲሁ ሆነብን። ማብራት ርካሽ ሲሆን አጥሩም፣ የሕንፃው ግድግዳም፣ ማንም የማያልፍበት ጓሮም፣ የማስታወቂያው ሰሌዳም ሌሊቱን ሙሉ ማብራት ጀመረ።

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ አንድ ጥናት ይህን በሰማይ ላይ ለክቶታል። ከ2011 እስከ 2022 ተራ ሰዎች በዓይናቸው እያዩ የላኩትን ከ50 ሺህ በላይ የከዋክብት ምልከታ ሰበሰበ፤ አብዛኛው ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ የመጣ ነው። ውጤቱ የሌሊቱ ሰማይ በሰው ሠራሽ ብርሃን ምክንያት በየዓመቱ በአማካይ 9.6 በመቶ እየደመቀ መሄዱን አሳየ። አጥኚዎቹ እንዲህ ያስረዱታል፦ 250 ከዋክብት በሚታዩበት ቦታ የተወለደ ሕፃን፣ ነገሩ በዚህ ከቀጠለ፣ 18 ዓመት ሲሞላው እዚያው ቦታ ቆሞ የሚያየው 100 ያህሉን ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ለብዙ ጊዜ ከልቤ አልወጣልኝም። ኃይል ለመቆጠብ ብለን የተቀበልነው መብራት ከልጆቻችን ላይ ሰማይ እየወሰደ ከሆነ፣ የቆጠብነውን ምን ላይ እንዳዋልነው ደግመን ልናስብበት ይገባል። የሚሰደዱ ወፎች በብርሃን መንገድ ይስታሉ፤ ነፍሳት አምፖል ሲዞሩ ያድራሉ፣ መብላትም መራባትም ሳይችሉ።

ከብክለት ሁሉ ደግሞ ይህኛው ቶሎ የሚድን ነው። ወንዝ የገባ መርዝ ለዓመታት ይቆያል፤ ብርሃን ግን ሲጠፋ ወዲያው ይጠፋል። መብራቱን ወደ መሬት ብቻ እንዲያበራ መከለል፣ ቀለሙን ከነጭ ሰማያዊ ይልቅ ወደ ቢጫ ማድረግ፣ ሰው ሲያልፍ ብቻ እንዲበራ ማስደረግ በቂ ነው። እንቅስቃሴ ለይቶ የሚያበራው መሣሪያም ዛሬ ብርቅ አይደለም።

ከታናሽ እህቴ ጋር በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ እንነጋገራለን። በቅርቡ ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን አነሳሁባት። ማሽኑ በሙቅ ውሃ ሲያጥብ ከሚወስደው ኃይል አብዛኛው ውሃውን ለማሞቅ ነው የሚሄደው፤ ከበሮውን ለማዞር የሚወስደው ጥቂት ነው። «እኛ በቀዝቃዛ ውሃ ብናጥብ ምን ይለወጣል? ትልቁን ነገር የሚወስኑት መንግሥታትና ፋብሪካዎች አይደሉም እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል ይምጣ ወይስ ከነፋስ፣ ከተማው አውቶቡስና ባቡር ይኑረው ወይስ አይኑረው፣ የስልክ ባትሪ በቀላሉ ይውጣ ወይስ ተጣብቆ ይቅር፣ ይህን እኔ ብቻዬን አልወስንም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የባትሪ ደንብ ከ2027 ጀምሮ በአብዛኞቹ ተንቀሳቃሽ ዕቃዎች ውስጥ ያለው ባትሪ በተጠቃሚው ሊወጣና ሊቀየር እንዲችል ያዛል፤ አንድ እንዲህ ያለ ደንብ የሚያመጣውን ለውጥ የሚሊዮኖች በጎ ፈቃድ አያመጣውም።

ግን መልሴ በዚህ አላለቀም። ዛሬ የሚሠሩት የልብስ ሳሙናዎች በቀዝቃዛ ውሃ ቆሻሻ የሚያስለቅቁ ኢንዛይሞች አሏቸው። ማለትም ሳይንሱ ሥራውን ጨርሶ የማሽኑ ቁልፍ ድረስ መጥቷል፤ ቁልፉን የሚያዞረው ሰው ነው የቀረው። በዚህች ነጥብ ላይ ከፋብሪካው ይልቅ እኔ ነኝ ወሳኙ። ልብሱም ቀለሙን ሳይለቅ ዕድሜው ይረዝማል። እህቴ ዝም ብላ ሰማችኝና «እሺ፣ አልጋ ልብሱን ግን በሙቅ ነው የማጥበው» አለች። ተስማማሁ፤ የታመመ ሰው የተኛበትን አንሶላ በሙቅ ማጠብ ተገቢ ነው።

በሌሎች ነገሮችም ያው ጥያቄ ይከተለኛል። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር ካገኘው ኃይል አብዛኛውን ጎማ ለማዞር ሲያውለው፣ የቤንዚኑ ሞተር አብዛኛውን በሙቀት ያባክነዋል፤ ይህ ታላቅ መሻሻል ነው። ነገር ግን መኪናው እየገዘፈና እየከበደ ከሄደ፣ አንድን ሰው ለማድረስ ከሁለት ቶን በላይ ዕቃ መንቀሳቀሱ ይቀጥላል። ሰው ሠራሽ አስተውሎትም እንዲሁ ነው። ዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ እንዳለው ዳታ ሴንተሮች፣ ማለትም ሰው ሠራሽ አስተውሎትንና ኢንተርኔትን የሚያሠሩ ኮምፒውተሮች የተከማቹባቸው ማዕከሎች፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የተጠቀሙት ኤሌክትሪክ 415 ቴራዋት ሰዓት ገደማ፣ ከዓለም ፍጆታ 1.5 በመቶ ያህል ነው፤ በ2030 ከእጥፍ በላይ ሊሆን እንደሚችልም ገምቷል። ቺፖቹ በየዓመቱ እየቆጠቡ፣ ድምሩ እየጨመረ። ጄቨንስ ከሰል ላይ ያየው ይኸው ነው።

እኔ ቴክኖሎጂን የምፈራ ሰው አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ1954 ቤል ላብራቶሪ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ያሳየው የመጀመሪያው ተግባራዊ የፀሐይ ሴል ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከደረሰው ብርሃን 6 በመቶውን ብቻ ነበር፤ ዛሬ ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው ፓነል ከ20 በመቶ በላይ ይለውጣል። ይህን ሳይ ተስፋዬ ይታደሳል። የምጠይቀው ከእያንዳንዱ ቁጠባ በኋላ የተረፈው ሆን ተብሎ እንዲያዝ ነው፤ ካልያዝነው ሌላ ፍጆታ ይወስደዋል።

አሁን ደግሞ የመሳቢያዬ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን ኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ አመንጭታለች፤ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። ገና ያልተጣለ ዕቃም በየቤቱ፣ እንደ እኔ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል፤ አሮጌ ስልኮች፣ የኬብል ክምር፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ የተሰነጠቀ ታብሌት። ቅዳሜ ሁሉንም አወጣለሁ። የሚሠሩትን መረጃቸውን አጥፍቼ ለሚፈልግ እሰጣለሁ፤ የማይሠሩትን ለሰብሳቢዎች አስረክባለሁ። ያበጠ ባትሪ ካገኘሁ ለብቻው እለየዋለሁ፤ ሲጫን እሳት ሊያስነሳ ይችላልና። ታብሌቱ ለእህቴ ልጅ ነው፤ ማንበቢያ ፈልጋ ስትጠይቀኝ ነበር፣ ስንጥቁም ከገጹ ውጪ ስለሆነ ለማንበብ አያስቸግራትም።