ስድስት ዲግሪ ጎደለኝ

ዛሬ ደብሮኛል። ምክንያት የለውም። ክረምት ነው፤ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ እንዳኮረፈ ነው፤ ያጠብኩት ልብስ አልደርቅ ብሎ ዶርሙ እርጥብ ካልሲ እርጥብ ካልሲ ይላል። ከሰዓት ክፍል የለንም። የዶርሜ ልጅ አልጋዋ ላይ ደብተሯን ዘርግታ የልጆችን አስተሳሰብ ያጠናውን ፒያጄን ትሸመድዳለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ትንሽ አየኋትና ዣንጥላዬን ይዤ ውልቅ አልኩ።

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ከደባርቅ ወርጄ ባሕር ዳር የምከርመው ጣናን ናፍቄ አይደለም። ዲግሪዬ አፕላይድ ነው። አፕላይድ ፊዚክስ የተማረ ሰው ሁለተኛ ደረጃ ላስተምር ካለ የመምህርነት ድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ይጠበቅበታል። በእኛ አፍ ፒጂዲቲ። ይህን ለሰፈር ሰው ማስረዳት ከኳንተም ይከብዳል። እትዬ አ. እናቴ ፊት "አንቺ ልጅ፣ ዲግሪ ይዛለች አልተባለም እንዴ? አሁን ደግሞ ዲፕሎማ? ቁልቁል ነው እንዴ የምትማሪው?" አሉኝ። እናቴ ቀልጠፍ ብላ "ይሄኛው የበላይ ዲፕሎማ ነው" አለቻቸው። እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

የምንማረው ፔዳ ነው፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ግቢ። በ1960ዎቹ የፔዳጎጂ አካዳሚ ሆኖ ከተከፈተበት ጊዜ ጀምሮ መምህር ሲያወጣ የኖረ ግቢ ነው። ዛፎቹ ትልልቅ ናቸው፤ ዝናብ ሲያባራ ራሱ ከሥራቸው ለሠዓታት ያንጠባጥባል። ከበሩ ወጥቼ ባጃጅ ያዝኩና ሐይቁ ዳር ወደምትገኘው ሻይ ቤት ሄድኩ።

መብራት የለም። "በከሰል ነው የማፈላው፣ ትንሽ ታገሺኝ የኔ ቆንጆ" አለችኝ ልጅቷ። ታገስኳት። ጣናን ማየት ነበር የመጣሁት፤ በክረምት ጎርፉ አፈሩን ጠራርጎ ስለሚያስገባበት መልኩ ቡና በወተት ሆኗል። ግን ዓይኔ ከሐይቁ ይልቅ ጥቀርሻ የለበሰችው ድስት ላይ ቀረ። ክዳን የላትም። መጀመሪያ ከሥሯ ጥቃቅን አረፋ እየተላቀቀ ወጣ፤ መሃል ላይ ሳይደርስ ይጠፋል። ቀጥሎ እንደ መንሿሿት አለች። ከዚያ በአንድ ጊዜ ተንደቀደቀች።

"94" አልኩ፣ ለካ ጮክ ብዬ ነው።

"ኧረ ሻይ እዚያ አልደረሰም!" ብላ ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች።

ዋጋውን አልነበረም ያልኩት። ባሕር ዳር ብንላትም ከተማዋ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውሃ የሚፈላው ከውስጡ የሚነሳው እንፋሎት ከላይ የሚጫነውን አየር መግፋት ሲችል ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ግፊቱ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። እንፋሎቱ ብዙ መታገል የለበትም። ስለዚህ ውሃው 94 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ አለቀ። የፈለግሽውን ያህል ከሰል ብትጨምሪ ቶሎ ይተናል እንጂ አንዲት ዲግሪ አይጨምርም። በግርድፉ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይወርዳል። አዲስ አበባ 92 ገደማ። እኛ ደባርቅ ደግሞ 90 ከፍ ሲል። ራስ ደጀን ጫፍ ላይ ሻይ የሚያፈላ ሰው ካለ 85 ላይ ይፈላለታል።

እንግዲህ ሁላችንም ከታች ክፍል ጀምሮ በአንድ ድምፅ ያልነው ቁጥር 100 ነው። በዚህ አገር ያ ቁጥር እውነት የሚሆነው የት ነው ብዬ አሰብኩ። ዳሎል አካባቢ። ሜዳው ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል እዚያ ውሃ 100ን ትንሽ አልፎም ይፈላል። መጽሐፋችን የሚያውቀው የአፋርን ሻይ ነው ማለት ነው። ሌሎቻችን የባሕር በር በሌለው አገር ደጋ ላይ ተቀምጠን የባሕር ወለልን ቁጥር እንሸመድዳለን።

ሴልሺየስን ላማው አይደለም። ሰውየው ስዊድናዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበር፤ መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ1742 ሲያቀርብ የመፍያው ነጥብ ከአየር ግፊት ጋር ከፍ ዝቅ እንደሚል ራሱ ለክቶ ተናግሯል። እንዲያውም የእሱ መለኪያ የተገለበጠ ነበር፤ ውሃ የሚፈላው በ0፣ የሚረጋው በ100። ከሞተ በኋላ ነው ሌሎች ያዞሩት። በዚያው ቢቀር ኖሮ ዛሬ እዚህ ውሃ በ6 ፈላ እንል ነበር። እሱ ቁጥሩን ከነቅድመ ሁኔታው ሰጠን፤ "በባሕር ወለል ላይ" የምትለዋ ሐረግ ዛሬም በየመጽሐፉ ትጻፋለች፤ ግን ፈተና ላይ ስለማትመጣ ማንም አያጠናትም።

እናቴ ክክ አልበስል ሲላት "ክኩ ያረጀ ነው" ትላለች፤ ካልሆነ "የቧንቧው ውሃ ነው" ትላለች። ፊዚክስ ተምሬ ስመለስ የማርማት መስሎኝ ነበር። ለካ ያረጀ ጥራጥሬም፣ ማዕድን የበዛበት ውሃም ያዘገያሉ፤ ልክ ናት። እኔ የጨመርኩላት ሦስተኛ ምክንያት ብቻ ነው፤ እሱንም "ታዲያ ከፍታውን ምን ላርገው?" ብላ ዘጋችው። ፕሬዠር ድስት ገዛሁላት። ስታፏጭ ትፈራታለች፤ ስኳር አስቀመጠችባት።

ሻዩ መጣ። ጠጣሁት መሰለኝ።

እኔን የያዘኝ ግን አንድ ልጅ ነው። ደባርቅ የማስተምረው፣ ዘጠነኛ ክፍል፣ ከኋላ የሚቀመጥ፣ እጁን የማያወጣ። የትምህርት ቤቱን ቴርሞሜትር በጥጥ ጠቅልዬ እንደ እንቁላል ይዤ ገባሁ፤ ብልቃጡን በስፒሪት መብራት ላይ ጣድን። ልጆቹ ተጋፉ። ውሃው ፈላ፤ ቁጥሩ 90ን ትንሽ አልፎ ቆመ። ጠበቅን። አንዷ እፍ አለችበት። አልተነቃነቀም። ያ ልጅ ከኋላ አንገቱን አስግጎ በሐዘኔታ "ቲቸር፣ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል" አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ።

ውሃው ፊቱ ይንደቀደቃል፣ መለኪያው ዓይኑ ሥር ነው፣ እሱ ግን የተጠራጠረው መለኪያውን ነው። ስለ አየር ግፊት አስረዳሁ፣ ሰሌዳው ላይ ተራራ ሣልኩ። በትሕትና ሰማኝ፤ ያልኩትን በሙሉ ገለበጠ። የጋራ ፈተናው ላይ "ንጹሕ ውሃ በስንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል?" የሚል ጥያቄ መጣ። 100 ብሎ መለሰ። የመልስ ቁልፉ 100 ይላል። ራይት ሰጠሁት። ከክፍሉ 94 ወይም 90 ብሎ የጻፈ ቢኖር ኖሮስ? ማንም አልጻፈም፤ አላስጨነቁኝም።

ፔዳ ላይ ደግሞ ተማሪ ተኮር፣ በተግባር የተደገፈ፣ ከአካባቢው የተነሳ ትምህርት እየተባለ ጧት ማታ እንማራለን። እወደዋለሁ፣ እውነቴን ነው። ባለፈው ማይክሮ ቲቺንግ ላይ ይህንኑ ርዕስ ይዤ ወጣሁ። እንደምታውቁት ማይክሮ ቲቺንግ ማለት ልጆች ያሏቸው ጎልማሶች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሆነው ሲተውኑ ማለት ነው። ከፍታውን፣ አየሩን፣ ጣናን እያልኩ አሳመርኩት። ከጎጃም ደጋ የመጣው የኬሚስትሪ ልጅ እንደ ተማሪ ጣቱን አወጣ። "ቲቸር፣ ማትሪክ ላይ ግን ስንት ብለን እንመልስ?"

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

አሁን ሌሊት ነው። ፒያጄ ተኝታለች፤ የዶርሜን ልጅ ማለቴ ነው። ነገ የሚገባ የትምህርት ዕቅድ አለብኝ፤ ርዕሱ ያው ስለ መፍላት ነው። የመምህሩ ተግባር የሚለውን ሞላሁ። የተማሪው ተግባር የሚለውን ሞላሁ፤ "ይለካሉ፣ ያወዳድራሉ፣ ይጠይቃሉ" ብዬ ግሥ ደረደርኩበት። የቀረችኝ ምዘና የምትለዋ ናት፤ ጥያቄውና የሚጠበቀው መልስ። ጥያቄውን ጽፌያለሁ። መልሱ የሚገባባት ቦታ ግን ጠባብ ናት፤ "የት ሆነን ነው የምንለካው?" የሚል ነገር አታስገባም፤ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የምትችለው።

ምን ልጻፍባት?