ባሕር ዳር ላይ የድሮ ስፖርት መኪና ይዞ መካኒክ ፍለጋ

ባለፈው ቅዳሜ የቤዛዊትን ኮረብታ በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁት። መኪናዋ አላስነጠሰችም፣ ጥቁር ጭስም አልነበራትም። ላይ ስደርስ ሞተሩን ሳላጠፋ ወረድኩና ሚኒሞውን፣ ነዳጅ ሳይረገጥ የሚሰማውን ድምፅ፣ ቆሜ አዳመጥኩት። እኩል ነው፣ አይወጣም አይወርድም። ይህን ድምፅ ለመስማት ዓመት ከመንፈቅ ጠብቄአለሁ። ደስታዬ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው፤ እንደኔ የድሮ መኪና ይዞ ከጋራዥ ጋራዥ ለሚንከራተት ሰው ምናልባት ይጠቅማል።

መኪናዋ ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ናት። የ1969 እ.ኤ.አ. ሥሪት፣ 1438 ሲሲ። ከአጎቴ የተረከብኳት ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ለዓመታት ከቆመች በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹን ወራት ብዙ አላወራም። ጎማ ቀየርኩ፣ ባትሪ ገዛሁ፣ የዛገውን የቤንዚን ጋን አውርጄ አሳጠብኩ፣ የደረቁትን ቱቦዎች ጣልኩ። አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፤ እንዲህ ያለ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት የካሞቹን፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ዘንጎች፣ ቺንጋ ቀይሩ። አውሬሊዮ ላምፕሬዲ የነደፈው ይህ ሞተር ሁለት ካም ከላይ አለው። የሚያዞራቸው ሰንሰለት ሳይሆን ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ነው። ጎማ ደግሞ መኪናው ቆሞም ያረጃል። እየሄዳችሁ ቢበጠስ ቫልቮቹን ሊያጣምም ይችላል።

ሰው ሁሉ «124 እኮ ላዳ ናት፣ ማንም የላዳ መካኒክ ይሠራታል» ይለኛል። ግማሹ እውነት ነው። ሩሲያኖቹ በ1970 እ.ኤ.አ. ማምረት የጀመሩት ላዳ 2101 ከቤት መኪናዋ ፊያት 124 የተወሰደ ነው። ለፊት እግሯ የላዳ ልጆች ጥሩ ሠርተውልኛል፣ አመሰግናቸዋለሁ። ሞተሩ ግን ሌላ ነው፣ የላዳው አንድ ካም ብቻ ነው ያለው። ላዳ ከኋላ የከበሮ ፍሬን ነው የምትጠቀመው፣ የኔዋ አራቱም ጎማ ላይ ዲስክ አላት። «አውቀዋለሁ» ብሎ ኮፈን ከፍቶ ለአፍታ ዝም ያለ መካኒክ ስንቱን አየሁ!

ያስቸገረኝ ካርቡሬተሩ፣ ቤንዚንና አየር የሚደባልቀው ክፍል ነው። ጠዋት ትነሳለች። ከተማ ውስጥ ዘንባባዎቹ ሥር ቀስ ብላ ስትሄድ ደህና ናት። ዳገት ሲመጣ ወይም ነዳጅ ረገጥ ሳደርግ ትታፈናለች፣ ታስነጥሳለች፣ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል። ካንዴላ፣ ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ዕቃ፣ ስፈታ ጥላሸት ለብሷል፣ በጣት ሲነኩት እንደ ከሰል ዱቄት ይጠቁራል። ቤንዚን ለመቅዳት ስንት ሰዓት ተሰልፌ፣ ያን ቤንዚን ደግሞ ሳይነድ በጭስ ስትተፋው ማየት ያንገበግባል።

ሦስት ጋራዥ ገባሁ። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ነው ብሎ ኮይልና ካንዴላ አስቀየረኝ። ሁለተኛው የቤንዚን ፖምፓውን ጠረጠረ። ሦስተኛው ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ ካዳመጠ በኋላ «ይሄንን አውጥተህ የቶዮታ ሞተር ግጠምበት፣ ተገላገል» አለኝ። በዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። ሞተሩ ከወጣ ያቺ መኪና ከእንግዲህ ፊያት ኩፔ አይደለችም፣ ላሜራዋ ብቻ ነው የቀረው። ችግሩን ሳያገኝ «ቀይረው» የሚል ሰው ጋ ሁለተኛ አልመለስም።

ሰው ጠይቄ አባይ ማዶ ቶርኖ ያላቸው አንድ አዛውንት ጋ ደረስኩ። ጋሼ ነው የምላቸው። የተማሩት ፖሊ ነው፣ በሶቪየት እርዳታ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኛው ፖሊ ቴክኒክ። መጀመሪያ ያሉኝ ነገር «ይህን ሞተር ሠርቼው አላውቅም» ነው። ቀጥለው «ግን እንለካዋለን» አሉ። ዓመት ከመንፈቅ ስዞር «አላውቅም» ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ያኔውኑ ልቤ አረፈ።

ካርቡሬተሩን አውርደው ነጭ ጨርቅ ላይ ዘረጉት። ከውስጡ ዋናዋን ጄት አወጡ። ጄት ማለት ቤንዚን የሚያልፍባት የነሐስ ቁራጭ ናት፣ ከጥፍር አትበልጥም። ጭንቅላቷ ላይ 125 ተቀርጿል። ቁጥሩ ቀዳዳዋ ከዳር እስከ ዳር ያላት ወርድ ነው፤ 125 ማለት 1.25 ሚሊ ሜትር። ጋሼ ከኪሳቸው ትናንሽ ፑንታዎች (የመብሻ ብረቶች) የተሰደሩበት ቆርቆሮ ሳጥን አወጡ። በሚቆርጠው ጫፍ ሳይሆን በለስላሳው ጭራ በኩል 1.25 አስገቡ። ዘው ብሎ ገባና ተንገላወደ። 1.30 አስገቡ፣ እሱም ገባ። 1.35 ላይ ልክ ያዘ።

ጄቷን ወደ ብርሃን አንስተው አዩአት። «ልጄ፣ ይህችን ማን ነካት?»

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ያስነካኋት እኔ ነኝ። መኪናዋ እንደተነሳች ሰሞን አንድ ወጣት መካኒክ «ጄቷን ሰፋ ባደርጋት ጉልበት ትጨምራለች» ሲለኝ «አድርግ» አልኩት። እኔ ማኪያቶዬን ስጠጣ እሱ በትራፓኖ በሳት። ከዚያ በኋላ ለገባሁባቸው ሦስት ጋራዦች ይህን አልነገርኳቸውም። አፈርኩ። እነሱ ላይ ብዙ ተናድጃለሁ፣ ግን ጭንቅላቷ ላይ 125 ተጽፎ እያዩ ምን ሊጠረጥሩ ይችሉ ነበር? ለጋሼ «እኔ ነኝ ያስደረግኩት» ስላቸው አልተቆጡም። «ቀድመህ ብትነግረኝ ግማሽ ቀን ታተርፈን ነበር» ብቻ ነው ያሉት።

ከዚያ ወረቀት አምጥተው አሰሉልኝ። ከ1.25 ወደ 1.35 በዓይን ሲያዩት ምንም አይደለም፤ ቤንዚን የሚያልፍበት የቀዳዳው ስፋት (ወርዱ ሳይሆን ጠቅላላ ስፋቱ) ግን ከ16 በመቶ በላይ ጨምሯል። በዚያ ላይ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል ካለው 16 በመቶ ያህል ይሳሳል። ካርቡሬተር ደግሞ ቤንዚኑን በዚያው መጠን አይቀንስም፣ ስለዚህ ጄቷ ባትነካም እንኳ ድብልቁ እዚህ ወደ 9 በመቶ ይወፍራል፣ ማለትም ቤንዚን ይበዛበታል። ቱሪን ላይ የተሠራችን መኪና ጣና ዳር አምጥተን፣ ማጥበብ ሲገባን አስፍተንባታል። ሂሳቡ የሚለው 1.20 ነው፤ 125 ሳይሆን 120።

ጋሼ «በቆርቆሮ ብየዳ ደፍኜ እንደገና በ1.20 እበሳታለሁ፣ ለጊዜው ትሠራለች» አሉ። እኔ እምቢ አልኩ። አንዴ የተበሳ ጄት ላይ ሁለተኛ ፑንታ እንዲያርፍ አልፈለግኩም። የቀዳዳው ጠርዝ ካልጠራ ቤንዚኑ እኩል አይፈስም ብዬም እፈራለሁ። በዚህ አልተስማማንም፣ እስካሁንም አልተስማማንም። የካርቡሬተሩ ሠሪ የዌበር ጄቶች ዛሬም አዲስ ስለሚሸጡ ሚላን ያለችው የአክስቴ ልጅ 115፣ 120 እና 125 ገዝታ በሰው ላከችልኝ። አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ቀድሜ አስፈልጌ ነበር፣ የመጣልኝ ሁሉ ቁጥሩ የተፋቀ አሮጌ ነው። እናንተ ከምታገኙት ሁሉ ውስጥ ፑንታ አስገብታችሁ ለክታችሁ ግዙ። አዲሶቹንም ለክተናቸዋል።

120ውን አስገባን። ወረታ ድረስ ነድቼ ተመለስኩና ካንዴላዎቹን ፈታሁ። ሦስቱ የቡና ቆሎ መልክ ይዘዋል፣ ቤንዚኑ ደህና ነዷል ማለት ነው፣ አራተኛው ትንሽ ጠቆር ይላል። 115ንም ሞከርኳት፣ ግን ዳገት ላይ ሰነፈች። መልሼ አወጣኋት።

አሁን አንድ ልማድ አለኝ። መካኒክ ዘንድ ስሄድ ማንኛውም የተቀየረ ዕቃ አሮጌው ይመለስልኝ እላለሁ፣ መኪናዋ ላይ ያደረግኩትን ሁሉ የጻፍኩበትን ደብተርም ይዤ እገባለሁ። የመበሳቱ ታሪክ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። ደብተሩን አይቶ የሚስቅም አለ፣ ቁጭ ብሎ የሚያነብም አለ። እኔ የምመለሰው የሚያነበው ጋ ነው። ቆሜ ማየት የማይፈቀድልኝ ጋራዥም አልገባም። ይህ ግን ለሁሉም ላይሠራ ይችላል፤ አንዳንዱ ጎበዝ መካኒክ ሰው ሲያየው መሥራት አይወድም፣ አንድ እንዲህ ያለ ሰው በግትርነቴ አጥቻለሁ።

ቀጣዩ ሥራ የኋላ ፍሬን ነው። ስይዝ በቀኝ በኩል ትጎትታለች። እኔ ፓድ ለማዘዝ ቸኩዬ ነበር። ጋሼ ዲስኮቹን ሳንለካ አምስት ሳንቲም አታውጣ ብለውኛል። ማክሰኞ ማይክሮሜትራቸውን ይዘው ግቢ ይመጣሉ።